ከዓይን ጀርባ ያለው ኬላ



በእኛ በደብረ ታቦር አካባቢ የዓይን ነገር ሲነሣ ጨዋታው ከዓይን ቆብ አያልፍም። ምክንያት አለው። የአማራ ክልል በትራኮማ ክፉኛ ከተጠቁት የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። የክልሉ ጤና ቢሮ ከካርተር ማዕከልና ከላየንስ ክለቦች ጋር ሆኖ ከሃያ ዓመት በላይ መድኃኒቱን መንደር ለመንደር ሲያድል፣ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ቆብ በቀዶ ሕክምና ሲያቃና ኖሯል። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል፤ ከዚህም ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶው በትራኮማ ምክንያት ነበር። ቆቡም ሆነ ሞራ የሚሸፍነው ሌንስ ከዓይን በፊት በኩል ናቸው። ስለ ጀርባው በአደባባይ ሲወራ ግን ብዙም አልሰማሁም።

ዛሬ ወደዚያ እንሂድ። የምነግራችሁ ስለ አንድ ሥራ ነው፤ ስለ ማጓጓዝ። ዳፍንት የምንለው፣ ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ሴት ሲመሽ መንገድ የሚጠፋበት ሕመም፣ አብዛኛውን ጊዜ የጭነት መቋረጥ ነው። ጭነቱ የሚራገፈው ከዓይናችን ጀርባ ሲሆን የሚነሣው ከጓሮአችን ነው።

ብርሃን በብሌናችን ገብቶ፣ ሌንሱን አልፎ፣ ከዓይን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ያርፋል። እዚያ ያለው ስስ ሽፋን ሬቲና ነው። ብርሃን የሚቀበሉት ህዋሶች በዚህ ውስጥ ናቸው፤ በአንድ ዓይን ውስጥ ለጨለማ የሚያገለግሉት ብቻ 90 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ከእነርሱ በስተኋላ፣ የአንድ ህዋስ ውፍረት ብቻ ያለው ጥቁር ንጣፍ አለ። ሳይንሱ የሬቲና ቀለማም ኤፒቴልየም ይለዋል፤ እኔ ዛሬ ጥቁሩ ንጣፍ ብዬ እጠራዋለሁ። በጉን አርዳችሁ ዓይኑን ሰንጥቃችሁ ያያችሁ ካላችሁ፣ ከኋላው ሰማያዊና አረንጓዴ የሚያብለጨልጭ ነገር ትዝ ይላችኋል። ያ የእንስሳቱ መስተዋት ነው፤ ሌሊት ባትሪ ስታበሩበት የከብትና የጅብ ዓይን የሚያበራው በእርሱ ነው። እኛ ያ መስተዋት የለንም። የእኛ ጀርባ ጥቁር ነው፤ ጥቁረቱም የተረፈውን ብርሃን ዋጥ አድርጎ ምስሉ እንዳይደበዝዝ ያደርጋል።

የጥቁሩ ንጣፍ ህዋሶች በአንድ ዓይን ሦስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ይሆናሉ። እያንዳንዱ ህዋስ ሠላሳ ለሚያህሉ ብርሃን ተቀባዮች ይሠራል። ሰው ካደገ በኋላ ተከፋፍለው አይተኩም፤ አንዱ ሲሞት ጎረቤቱ ሰፋ ብሎ ቦታውን ይሸፍናል እንጂ ሌላ አይወለድም። ዕድሜ ልካችንን የምናየው በእነዚሁ ነው።

ንጣፉ ሥራ እንዳለው እንዴት ታወቀ? እ.ኤ.አ. በ1876 ፍራንዝ ቦል የሚባል ተመራማሪ በጨለማ የቆየች እንቁራሪት ሬቲና ቀይ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ መልክ እንዳለው፣ ብርሃን ሲያገኘው ደግሞ እንደሚገረጣ አየ። ጥቂት ቆይቶ በሃይደልበርግ ከተማ ቪሊ ኩነ ነገሩን ተከታተለው። ሬቲናውን ከጥቁሩ ንጣፍ ላይ ገፈፈው፤ በብርሃን አገረጣው፤ ለብቻው ጨለማ ውስጥ ሲያስቀምጠው ቀለሙ አልተመለሰም። መልሶ በንጣፉ ላይ ሲያነጥፈው ግን ሐምራዊው መልክ ተመለሰ። ስለዚህ ከንጣፉ ወደ ሬቲናው የሚሻገር አንድ ነገር አለ ማለት ነው። በመቶ ሃምሳ ዓመት ውስጥ ስለዚህ ንጣፍ ከተሠራው ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። በእጅና በዓይን ብቻ የተሠራ ነው፤ ውድ መሣሪያ አልነበረውም፤ የደብረ ታቦር ተማሪ በትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ሊገባው ይችላል።

አሁን ወደ ማጓጓዙ። ታሪክ የምታውቁ በ19ኛው መቶ ዘመን የይፋግ ገበያ በበጌምድር ምን ያህል የታወቀ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ነጋዴው አሞሌውንና ጥጡን ጭኖ ሲመጣ ኬላ ይጠብቀዋል። ኬላውን ሳይረግጥ በጎን ማለፍ አይፈቀድለትም፤ ጭነቱ ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ይቀረጣል። ጥቁሩ ንጣፍ እንዲህ ያለ ኬላ ነው። በአንድ በኩል ከስሩ ኮሮይድ የሚባል የደም ሥር ምንጣፍ አለ፤ ወደ ዓይን ከሚገባው ደም አብዛኛው በዚያ ይፈስሳል፣ ሥሮቹም ቀዳዳ ስላላቸው ፈሳሹ ያንጠባጥባል። በሌላው በኩል እጅግ ስስ የሆኑት ብርሃን ተቀባዮች አሉ። በመካከል ያሉት የንጣፉ ህዋሶች ጎንና ጎናቸው ተጣብቆ ስለተሰፋ በመሃላቸው ሾልኮ የሚያልፍ የለም። የሚያልፈው በህዋሱ ሆድ ውስጥ፣ ለየዓይነቱ በተሠራ በር ነው። ለስኳር የራሱ በር አለው፤ ለክሎራይድ፣ ለውሃ፣ ለቫይታሚን ኤ እንዲሁ።

ስለ ሌሎቹ ጭነቶች ባጭሩ ልለፍ። ብርሃን ተቀባዮች በሰውነታችን ውስጥ ካሉ ህዋሶች ሁሉ ጉልበት ከሚበሉት ተርታ ናቸው፤ ስኳራቸው የሚመጣላቸው ከደም በንጣፉ በኩል ነው። ስኳሩን አቃጥለው የሚያስቀሩትን ላክቴት መልሰው ለንጣፉ ይሰጡታል፤ ንጣፉ ደግሞ ያንን እንደ ነዳጅ ስለሚጠቀም ስኳሩን ራሱ ሳይበላው ያሳልፍላቸዋል። ውሃውም አለ። ከሬቲናው ጀርባ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ ንጣፉ ቀንና ሌሊት እየመጠጠ ወደ ደም ይገፋዋል። ይህ መምጠጥ ሬቲናውን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ ሲዳከም ፈሳሽ ይቋጥርና ሬቲናው ይነሣል።

ከጭነቶቹ ሁሉ የሚገርመው የቫይታሚን ኤ መንገድ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

በጨለማ የሚያዩት ህዋሶች ውስጥ ሮዶፕሲን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ቦል ያየው ሐምራዊ መልክ የእርሱ ነው። በሆዱ ከቫይታሚን ኤ የተሠራች የጎበጠች ሞለኪውል ታቅፎ ይኖራል። የብርሃን ቅንጣት ሲነካት ሞለኪውሏ ቀጥ ትላለች፤ ማየት የሚጀምረው ከዚያች መቃናት ነው። የቀናች ሞለኪውል ግን ሁለተኛ ብርሃን አትቀበልም፤ እንደገና መጉበጥ አለባት። ለጨለማ በሚያገለግለው ህዋስ ውስጥ ደግሞ ማጉበጫ የለም። ስለዚህ መንገድ ትጀምራለች። እንደ ዘይት ያለች ስለሆነች በውሃ አትሟሟም፤ በመሃል ባለው ጠባብ ክፍተት ተሸካሚ ፕሮቲን አዝሎ ወደ ጥቁሩ ንጣፍ ያሻግራታል። እዚያ ከቅባት አሲድ ጋር ተጣምራ ትቀመጣለች። ከዚያ አርፒኢ65 የሚባለው ኢንዛይም ያጎብጣትና ተመልሳ ትሻገራለች። ሮዶፕሲን ይታደሳል፤ ዓይን እንደገና ለጨለማ ይዘጋጃል። ከጠራራ ፀሐይ ወጥታችሁ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ መጀመሪያ ምንም የማይታያችሁ፣ ቆይቶ ግን ሥዕሉ ሁሉ የሚገለጥላችሁ ይህ ጉዞ ጊዜ ስለሚወስድ ነው፤ ሙሉ በሙሉ እስኪጠናቀቅ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። በሬቲና ውስጥ ቫይታሚን ኤ መኖሩን እ.ኤ.አ. በ1933 ያሳየው ጆርጅ ዋልድ ነው፤ በዚህ ሥራው በ1967 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

ዙሩ ፍጹም አይደለም። በየጊዜው ከጭነቱ ጥቂቱ ይባክናል፤ የባከነው ከደም መተካት አለበት። ቫይታሚን ኤ የሚከማቸው በጉበት ነው። ጉበት በተሸካሚ ፕሮቲን አስይዞ በደም ይልከዋል፤ ጭነቱ ከጥቁሩ ንጣፍ ሥር ሲደርስ ስትራ6 የሚባል በር ይቀበለዋል። ይህ በር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ በር እንዳለ ቢገመትም የትኛው እንደሆነ አይታወቅም ነበር። እንግዲህ ጉበቱ ባዶ ከሆነ በሩ ቢከፈትም የሚያስገባው የለም። መጀመሪያ የሚጎዱት ጨለማ የሚያዩት ህዋሶች ናቸው። ልጁ ቀን እንደ ባልንጀሮቹ ይሮጣል፤ ከብት አስገባ ሲባል ምሽት ላይ በረቱን ያጣዋል። ሰዎች ሰነፍ ነው፣ ፈሪ ነው ይሉታል።

ይህ መቋረጥ በአገራችን የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከትምህርት ዕድሜ በታች ካሉ ሕፃናት 37.7 በመቶው በደማቸው የቫይታሚን ኤ እጥረት እንዳለባቸው፣ 1.7 በመቶው ደግሞ በዓይናቸው ነጭ ክፍል ላይ አረፋ የመሰለ ነቁጥ እንደወጣባቸው አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ነቁጡ ከ0.5 በመቶ ካለፈ የሕዝብ ጤና ችግር ነው ይላል። ከእናቶችም 1.8 በመቶው ዳፍንት ነበረባቸው።

እስቲ ገበታችንን እንየው። ከጉና ተራራ ሥር ድንችና ገብስ አለን፤ ወደ ደጋው ስንዴና ባቄላ፣ ወደ ፎገራ ሜዳ ሩዝ፣ በየቦታው ጤፍ። ከነዚህ አንዱም ይህን ቫይታሚን የሚበቃ ያህል አይዝም። ነጭ ድንች ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ የተፈተገ ሩዝም እንደዚያው። ሆድ ጠግቦ ጉበት የሚራብበት ገበታ አለ። ቫይታሚኑ ያለቀለት ሆኖ የሚገኘው በቅቤ፣ በወተት፣ በእንቁላል፣ በጉበት ነው፤ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ደግሞ በጎመን፣ በቆስጣ፣ በካሮት፣ በዱባ፣ በበርበሬና በማንጎ ውስጥ አለ። ጎመን በጤና ስንል ለድህነት ማጽናኛ አድርገን ነው፤ ለጥቁሩ ንጣፍ ግን ጎመን የዕለት ጭነቱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል፦ ቅባት። የጎመን ቀለም ያለ ዘይት ከአንጀት በደንብ አይመጠጥም። የኑግ ዘይት ጠብ ያለበት ጎመንና በጨው ብቻ የተቀቀለ ጎመን ለዓይን አንድ አይደሉም።

ስለ ጾም ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አስቀድሜ ልናገር። ከተማችን ስሙን የምትጋራው የደብረ ታቦር በዓል ነሐሴ 13 ቀን ይውላል፤ በፍልሰታ ጾም መካከል ነው፣ ፍልሰታንም በየመንደሩ ሕፃናት ጭምር ይጾሙታል። ጾሙን ለዳፍንት ተጠያቂ የሚያደርጉ አሉ። እኔ አልስማማም። የጾም ገበታ ጎመን፣ ዱባና የኑግ ዘይት ካለው ከፍስኩ ገበታ አያንስም፤ ቅቤና ወተት ገበያ ወርደው ለጨውና ለማዳበሪያ የሚሸጡበት ቤት ደግሞ በፍስክም አይጠቀምባቸውም። የምሰጋው ለሌሎች ነው፤ ደረቅ ቁራሽና ቆሎ ብቻ እየበሉ ለሚማሩት የአብነት ተማሪዎች። ለድጓ ምስክር ወደ ቤተልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ወደ ዙር አባ የሚሄደው ተማሪ ቀለሙን በቃሉ ይይዘዋል፤ ሌሊቱን በጨለማ ያጠናል። የሚለምነው ቁራሽ ረሃቡን ቢያስታግስም ቫይታሚን ኤ የለውም። ለአብነት ተማሪ ቁራሽ ስትሰጡ ጎመኑንም ጨምሩለት።

እንክብሉም አለ። በየስድስት ወሩ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት የሚታደለው የቫይታሚን ኤ እንክብል፣ ከአንድ ዓመት በታች ላሉት 100,000፣ ከዚያ በላይ ላሉት 200,000 ዓለም አቀፍ አሃድ ይይዛል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጫፉን ቆርጣ በሕፃኑ አፍ ውስጥ ስታንጠባጥብለት የምትሞላው ጉበቱን ነው፤ ጉበት ለወራት ያስቀምጥና ለጥቁሩ ንጣፍ ቀስ እያለ ይልካል። ስለዚህ ወላጆች ልጃችን ደኅና ነው ብለው የሁለተኛውን ዙር ሲያሳልፉት አይገባኝም። ደኅና የሆነው በመጀመሪያው ዙር ነው።

ወደ ኬላው ልመለስ፤ የሚገባ ብቻ ሳይሆን የሚወጣም አለ። ብርሃን ተቀባይ ህዋስ በብርሃንና በኦክሲጅን መካከል ስለሚኖር ቶሎ ይጎዳል። ሪቻርድ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጨረር አዘል ምልክት ተጠቅሞ እንዳሳየው፣ እነዚህ ህዋሶች ብርሃን የሚቀበለውን ዘንጋቸውን ከሥሩ እየሠሩ፣ ከጫፉ እያራገፉ፣ በአሥር ቀን ገደማ ሙሉ በሙሉ ያድሱታል። በየቀኑ አንድ አሥረኛው ይወድቃል ማለት ነው፤ በጨለማ የሚያዩት ደግሞ የሚያራግፉት በማለዳ፣ ብርሃን ሲወጣ ነው። የወደቀውን የሚውጠው ጥቁሩ ንጣፍ ነው። በሰውነታችን ውስጥ እንደዚህ የሚውጥ ህዋስ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዋጠውን እንዴት ያጓጉዘዋል? በህዋሱ ውስጥ ከላይ ወደ ታች የተዘረጉ እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። በእነርሱ ላይ ዳይኒንና ካይኒሲን የሚባሉ ሞተር ፕሮቲኖች ጭነት ተሸክመው ይራመዳሉ፤ አንደኛው በአንድ አቅጣጫ፣ ሌላው በተቃራኒው። የተዋጠው ቁራጭ ከላይ ተነሥቶ፣ ማዮሲን በሚባል ሌላ ሞተር የመጀመሪያውን ጥቅጥቅ አጥር አልፎ፣ ወደ ህዋሱ ሥር ሲወርድ የሚፈጩት ኢንዛይሞች ይቀበሉታል። ከማዮሲን ዓይነቶች ሰባተኛው የተበላሸበት ሰው ሲወለድ መስማት የተሳነው ይሆናል፤ ልጅነቱ ሲያልፍ ደግሞ ዳፍንት ይጀምረዋል። አንድ ሞተር ሲሰበር ጆሮና ዓይን አብረው ይጎዳሉ።

ሁሉም አይፈጭም። ያልተፈጨው ቅባታማ ዝቃጭ ከዓመት ዓመት በህዋሱ ውስጥ ይከማቻል፤ ከሥሩም ይጋገራል። በስተእርጅና ማኩላ የሚባለውን የሬቲና መሃል የሚያጠፋው በሽታ ከዚህ ክምችት ጋር የተያያዘ ነው፤ በ1998ቱ ጥናት ከዓይነ ስውርነት 4.8 በመቶውን አድርሷል። ዕድሜያችን እየረዘመ ሲሄድ ይህ ቁጥር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ለዚህ በሽታ በጣም የተጋለጠ መሆኑንም ልጨምር።

ኬላውን የሚያውኩ ሌሎችም አሉ። በፎገራና በሊቦ ከምከም ዝቅተኛ ክፍሎች የቫይቫክስ ወባ ሲታከም የሚሰጠው ክሎሮኪን በንጣፉ ጥቁር ቀለም ላይ ይጣበቃል። አትደንግጡ፤ የሦስት ቀን የወባ መድኃኒት ዓይን አይጎዳም። ለመገጣጠሚያ በሽታ የዚሁ ዘር የሆነውን መድኃኒት ለዓመታት የሚወስዱ ሰዎች ግን በየጊዜው ዓይናቸውን መመርመር አለባቸው። ፀሐይም ኬላውን ታውካለች። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆና የታየችውን ፀሐይ እኛም ሽቅብ ያየናት ብዙ ነን። ሬቲና ሕመም ስለማይሰማው የፀሐይ ጨረር መሃሉንና ከሥሩ ያለውን ንጣፍ ሲያቃጥል ተመልካቹ አያውቅም፤ የሚያውቀው በማግስቱ ከፊቱ መሃል ጥቁር ነጥብ ሲቆምበት ነው።

አንዳንድ ዳፍንት ደግሞ ጎመንም እንክብልም አይመልሰውም። አርፒኢ65ን የሚያዘው ጂን ከአባትም ከእናትም ተበላሽቶ የመጣበት ልጅ ጉበቱ ቢሞላም ማጉበጫ የለውም። ለዚህ በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት የፈቀደው የጂን ሕክምና አለ፤ ጤነኛውን ጂን ከሬቲናው ሥር በመርፌ ያስገባሉ። ሲወጣ የተቆረጠለት ዋጋ ለሁለቱ ዓይኖች 850,000 የአሜሪካ ዶላር ነበር። በነገራችን ላይ እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ የመጋባት ወጋችን እንዲህ ላለው ከሁለቱም ወገን ለሚወረስ በሽታ መልካም መከላከያ ነው። ዘመናይ ነን የሚሉ ሲያናንቁት እሰማለሁ፤ ተሳስተዋል።

የዚያ መርፌ ዋጋ ሲወጣ 850,000 ዶላር ነበር፤ የቫይታሚን ኤ እንክብል ዋጋ ጥቂት የዶላር ሳንቲም ነው፤ የጎመን ዘር ደግሞ በደብረ ታቦር ገበያ ሞልቷል። በእጃችን ያለው የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የጤና ባለሙያዎች፣ ለትራኮማ ቆብ ስትገለብጡ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ "ሲመሽ ታያለህ ወይ?" በሉት። መምህራን፣ ከምሽት ጨዋታ ራሱን የሚያገልል ልጅ ካለ አትገሥጹት፤ ወላጁን አስጠሩ። ወላጆች፣ ልጃችሁ ሲመሽ የሚደናቀፍ ከሆነ በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ኩፍኝ ወይም ከባድ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ከሆነ ደግሞ በዚያው ቀን። ዳፍንት በጊዜ ከታከመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይድናል፤ ችላ ከተባለ ግን እጥረቱ የዓይኑን ፊት አድርቆ ያቆስለዋል፣ ያ ጠባሳ አይጠፋም። ነፍሰ ጡር ሴት ዳፍንት ከያዛት የልጆቹን ትልቅ እንክብል በፍጹም አትውሰድ፤ ከፍተኛው መጠን ለጽንሱ አደገኛ ነው። ለእርሷ የሚሰጠው ትንሽ የዕለት ወይም የሳምንት መጠን ነው፤ መጠኑን የሚወስንላት የጤና ባለሙያ ነው።